ስለላክኩልሽ ክሬም ያልነገርኩሽ

ይድረስ ለታናሽ እህቴ፣ ለፈንዲሻዬ፤

እንዴት ሰነበትሽልኝ? ጤናሽ እንዴት ነው? የእማዬ ጉልበት እንዴት ሆነ፣ ደረጃ ስትወጣ አሁንም ግድግዳውን ትይዛለች? አባዬን ሳሉ ለቀቀው ወይስ ዛሬም «አላስልም፣ ጉሮሮዬን እየጠረግኩ ነው» እያለ ይከራከራል? ወንድማችን ጋሼ፣ ሚስቱ ሙሽሪትና ልጆቹስ እንደምን ናቸው? ሦስት ልጅ ወልዳም ሙሽሪት ማለታችንን አለመተዋችን ትዝ ሲለኝ ብቻዬን ያስቀኛል። አክስታችንስ? ስለ እሷ ከሁሉም አስበልጬ እጠይቅሻለሁ፤ ለምን እንደሆነ ወደ ታች ታገኚዋለሽ።

እዚህ ላይ «እኔ ደህና ነኝ» ብዬ ማለፍ ለምጄ ነበር። ዛሬም እጄ ሊጽፈው ሄዶ መለስኩት። ደህና አልነበርኩም። አሁን እየተሻለኝ ስለሆነ አትደንግጪ፤ ብቻ አረፍ ብለሽ፣ በርሽን ዘግተሽ፣ እስከ መጨረሻው አንብቢልኝ። ስልኬን ማንሳት ከተውሽ ሁለት ወር ሊሞላ ነው። የምጽፍልሽ መልእክትም አይደርስሽም፤ ዘግተሽኛል መሰለኝ። አልፈርድብሽም። ደብዳቤ ግን አይዘጋም፤ ቢበዛ ትቀጅዋለሽ። እባክሽ ሳትቀጂው አንብቢው።

ያን ቀን የሆነውን ላስታውስሽ። ከአውቶቡስ ፌርማታ ደወልኩልሽና ሰላም እንኳ ሳልልሽ «የላክኩልሽን ክሬም መሸጥ አቁሚ፣ የቀረውን ሽንት ቤት ውስጥ ጣይው» አልኩሽ። «ለምን?» አልሽኝ። «ብቻ ጣይው» አልኩሽ። ደጋግመሽ ለምን አልሽኝ፣ ደጋግሜ ጣይው አልኩሽ። በመጨረሻ ድምፅሽ ተለወጠና «ገባኝ፤ የራሴን ሥራ ይዤ የአንቺን እጅ ማየት ስተው ከፋሽ አይደል?» ብለሽ ዘጋሽው። ምክንያት የሌለው ትእዛዝ ከቅናት ሌላ ምን ይመስላል? ምክንያቱ ነበረኝ፤ አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ግን ስልክሽ ላውድ ላይ ስለነበር እማዬ ከጎንሽ «ምን አለች? ምን አለች?» ስትል ይሰማኝ ነበር።

ከመጀመሪያው ልንገርሽ። መሥሪያ ቤትሽ ሠራተኛ ሲቀንስ፣ ጸሐፊነቱ ቀርቶብሽ ቤት የዋልሽ ሰሞን ሳቅሽ ጠፍቶ ነበር። ፈንዲሻ ያልንሽ ስትስቂ ድንገት ስለምትፈነጂ ነው፤ ያን ሰሞን ግን «እሺ»ና «ደህና» ብቻ ሆንሽ። ከዚያ አንድ ቀን እየተቻኮልሽ ደወልሽና በስልክ መዋቢያ መሸጥ ልጀምር ነው አልሽኝ። ሴቱ ሁሉ የሚጠይቅሽ ያንን በነጭ ብልቃጥ ያለውን፣ ክዳኑ ወርቃማ የሆነውን የፊት ክሬም እንደሆነ፣ እዚያ ግን እንደማይገኝ ነገርሽኝ። እያወራሽኝ ሁለት ጊዜ ሳቅሽ። እኔ ያንን ሳቅ ሰምቼ እንዴት እንቢ እላለሁ?

እዚህ ባለሁበት አገር ሱቅ ውስጥ ያንን ክሬም አውቀዋለሁ። መስታወት ውስጥ ተቆልፎ ነው የሚቀመጠው፤ እኔም ዋጋውን አይቼ ነው የማልፈው። ስልኬ ላይ ስፈልግ ግን በግማሽ ዋጋ የሚሸጥ ገጽ አገኘሁ። ፎቶው ያው፣ ብልቃጡ ያው፣ ስሙ ያው። «ኦሪጅናል» የሚለውን ቃል አምስት ቦታ ጽፎታል። ከሥሩ ገዛን የሚሉ ሰዎች ምስጋናቸውን ደርድረውበታል። በምሳ እረፍቴ፣ ሆስፒታሉ ልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ፣ የታጠፈ አንሶላ ክምር ላይ ተቀምጬ ሃያ አራት ብልቃጥ አዘዝኩ። ከጎኔ ካውያ ማሽን ላይ የምትሠራዋን ሴት ነግሬሻለሁ፤ ማንም ሳይሾማት ሁላችንንም ስለምታዝ ጄኔራሏ የምንላት። በትከሻዬ አሻግራ ስልኬን አየችና «ሱቁ በሙሉ ዋጋ የሚሸጠውን ይኼ ሰውዬ በግማሽ የሚሰጥሽ አጎትሽ ነው?» አለችኝ። ሳቅኩና ከፈልኩ።

ዕቃው በሳምንቱ መጣ። ሃያ ሦስቱን ለመንገደኛ ሰጥቼ ላክኩልሽ፣ አንዱን ለራሴ አስቀረሁ። እውነት ለመናገር ያችን ብልቃጥ ከመስታወቴ ሥር ሳስቀምጣት ደስ ብሎኝ ነበር። ቀኑን ሙሉ በእንፋሎት ሲቀቀል የሚውል ፊት ነው፤ አንድ ጊዜ እንኳ ደህና ነገር ይድረሰው አልኩ።

በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ፊቴ አበራ። ጄኔራሏ እንኳ «ምን ተገኘ? ፍቅር ያዘሽ እንዴ?» አለችኝ። ደውዬ «የሚገርም ነው፣ እኔም እየተቀባሁት ነው» ያልኩሽ ያኔ ነው። አንቺም ለደንበኞችሽ «እህቴ ራሷ ትጠቀመዋለች» እያልሽ ነገርሻቸው። ካጠፋሁት ሁሉ የሚከብደኝ ይኼ ነው። ሰዎቹ ክሬሙን ሳይሆን እኔን አምነው ነው የገዙት።

በሦስተኛው ሳምንት የማሽኑ ሙቀት ፊቴን ይለበልበኝ ጀመር። ቀላ፣ ከዚያ አሳከከኝ፣ ከዚያ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ እየሳሳ ይነሳ ጀመር። እኔ ደግሞ እንፋሎቱ ነው ብዬ ክሬሙን ጨመርኩበት። ሳቆም ይብስብኛል፣ ስቀባው ያርፍልኛል፤ ስለዚህ መድኃኒቴ መሰለኝ። እያደር ሁለቱም ጉንጮቼ ላይ እንደ ማዲያት ያለ ጥቁረት ወጣ። አውቶቡስ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠች ሴት አየት አድርጋኝ ልጇን ወደ ሌላኛው ጎኗ አዛወረችው። የስልኬ ካሜራ ተበላሽቷል ያልኩሽ ያን ሰሞን ነው። ካሜራው ምንም አልሆነም።

አንድ ጠዋት የክፍላችን ኃላፊ በር ላይ አስቁማ «እንዲህ ሆነሽ የበሽተኛ አንሶላ መንካት አትችዪም፤ ታይተሽ ነይ» አለችኝ። እዚያው ሆስፒታል ወደ ቆዳ ሐኪም ሄድኩ። ሐኪሟ እናት የሚሆኑ፣ ረጋ ብለው የሚናገሩ ሴት ናቸው። «ፊትሽ ላይ የምታደርጊውን ሁሉ፣ ሳሙናም ቢሆን፣ ይዘሽልኝ ነይ» አሉኝ። ወሰድኩላቸው። ብልቃጧን መብራት ሥር ይዘው አገላበጧት፣ ከፍተው አዩዋት፣ ከዚያ በወረቀት ጠቅልለው ከእኔ ራቅ አድርገው አስቀመጧት። ከውስጡ ጥቂት ተወስዶ ሲመረመር ሜርኩሪ ተገኘበት። ደግሞም ያለ ሐኪም ትእዛዝ ፊት ላይ የማይደረግ ኃይለኛ መድኃኒት ተቀላቅሎበታል። ያ ሁሉ መፍካት ከዚያ የመጣ ነው፤ ቃጠሎውም ከዚያው። ሜርኩሪው በቆዳ አልፎ ኩላሊት ድረስ እንደሚዘልቅ ነገሩኝ። ሽንቴ ሲመረመር ጥቂት ተገኝቶብኛል፤ አሁን ግን እየቀነሰ ነው፣ በየወሩ ያዩኛል።

ይኼን ሁሉ ነግረውኝ ሲጨርሱ ብዕራቸውን አስቀመጡና «ከዚህ ክሬም ለሌላ ሰው ሰጥተሻል?» ብለው ጠየቁኝ።

«የለም» አልኳቸው።

እህቴ፣ ሃያ ሦስት ብልቃጥ ልኬ «የለም» አልኩ። ለምን እንደዋሸሁ ዛሬም ለራሴ አልገባኝም። ከዚያ ወጥቼ ፌርማታው አግዳሚ ላይ ተቀምጬ ነው የደወልኩልሽ። እንግዲህ «ብቻ ጣይው» ያልኩሽ ይኼን ሁሉ ውጬ ነው። ከቤት ከወጣሁ ጀምሮ ጫማም ልብስም መነጽርም ስልክላችሁ ኖሬያለሁ፤ የላክኩት ነገር ጎድቷችሁ አያውቅም ነበር። መርዝ ነው የላክኩላችሁ ማለት አቃተኝ።

ከሁለት ሳምንት በፊት ጋሼ ደወለ። ስለ ሥራው፣ ስለ ልጆቹ ካወራኝ በኋላ እንደ ቀልድ አድርጎ «አክስትሽ ደግሞ አዲስ አመል አምጥታለች፤ የስፌት መኪናዋን አዙራ ፊቷን ለግድግዳ፣ ጀርባዋን ለደንበኛ ሰጥታ ነው የምትሰፋው» አለኝ። ለምን ስለው ፊቷ እንደተላጠ፣ እሷም ፀሐይ ነው እያለች ነጠላዋን እስከ ዓይኗ እንደምትሸፍን ነገረኝ። የመጀመሪያውን ብልቃጥ ለእሷ በስጦታ እንደሰጠሻት ራስሽ በደስታ ነግረሽኝ ነበር። ለጋሼ ሁሉንም ነገርኩት። ለሰው ስናገረው ያ የመጀመሪያዬ ነው።

እሱም «ሙሽሪትም አላት» አለኝ። ጡት የምታጠባዋ ሙሽሪት! ስልኩን ሳይዘጋ ሲሮጥ ኮቴው ይሰማኛል፣ ወንበር ሲጎተት ይሰማኛል። ተመልሶ እያለከለከ «አልተከፈተም» አለኝ። ቁም ሳጥን ላይ ከነካርቶኑ ተቀምጧል። ለክት ብላ ነው ያኖረችው፤ ደህና ቦታ የምሄድ ቀን እቀባዋለሁ ብላ። ሦስቱ ልጆች ደግሞ መች አስወጥተዋት። እሱ ሳቀ፣ እኔ አለቀስኩ።

በማግስቱ አክስቴን ከነብልቃጡ ጤና ጣቢያ ወሰዳት። ክሬሙን አስቁመው መድኃኒት ሰጥተዋታል፣ ምርመራም አዘውላታል። ግን ነገሩ ከየት እንደመጣ ጋሼ አልነገራትም፤ «እሱን እናንተ ጨርሱት» አለኝ። ለአንቺም ክሬሙ ይጎዳል ሲልሽ «እሷ ናት አይደል ያስጠናችህ?» ብለሽ እንዳባረርሽው ነገረኝ። የቀረውን ሳጥን ውስጥ ቆልፈሽ አስቀምጠሻል አሉ። ከእኔ ጋር ከተጣላሽ ጀምሮ አልሸጥሽም፣ አልጣልሽምም። ይኼን ስሰማ እፎይ አልኩ። ተቆጥተሽኝ እንኳ ሙሉ በሙሉ አልናቅሽኝም። የላቦራቶሪውን ወረቀት ቅጂ ከዚህ ደብዳቤ ጋር አድርጌልሻለሁ፤ እኔን ባታምኚ ማኅተሙን እመኚ።

ፎርጅድ መሆኑን እንዴት አላወቅሽም ትይኝ ይሆናል። ከምኖርበት ሕንፃ ምድር ቤቱ ላይ ጸጉር ቤት አለ። ባለፈው ሳምንት ከሐኪሟ የተመለሰልኝን ብልቃጥ ከነካርቶኑ በላስቲክ ጠቅልዬ ለጸጉር ሠሪዋ አሳየኋት። የራሷን ኦሪጅናል አወጣችና መታጠቢያው ጠርዝ ላይ ጎን ለጎን አቆመቻቸው። «እስኪ አንቺው ንገሪኝ» አለችኝ። መጀመሪያ መንትያ መሰሉኝ። ከዚያ እያየሁ ስሄድ የእኔው ካርቶን ላይ ከሚሠራው ድርጅት ስም አንድ ፊደል ጎድሏል። ካርቶኑ ላይ ያለው የምርት ቁጥርና ብልቃጡ ሥር ያለው አይገጥሙም። የእሷ ክዳኑ ሲነሳ እጅ ያልነካው ስስ ሽፋን አለው፤ የእኔው አልነበረውም፣ እኔም መጀመሪያ ስከፍተው ልብ አላልኩም። በውስጡ ምን ምን እንዳለ የሚናገረው ጽሑፍ የእሷ ላይ ጥቅጥቅ ያለ ነው፤ የእኔው ላይ ሁለት መስመር ብቻ። ክሬሙ ራሱ ውኃው ከላይ ተንሳፍፎ፣ ከሥር ወደ ግራጫ ሄዷል። ሽታው ስለታም ሽቶ ነው፤ ሌላ ነገር ለመሸፈን የተደረገ ዓይነት።

ከዚያ «ገጹን አምጪው» አለችና ስልኬን ተቀበለችኝ። ገጹ ከተከፈተ ገና ሦስት ወሩ ነበር ያኔ ስገዛ። ያ ሁሉ ምስጋና በሁለት ቀን ውስጥ የተጻፈ ነው። «ፊቴ ወተት መሰለ» የሚለው ዐረፍተ ነገር በስድስት ሰው ስም አለ፤ ስድስቱም ያንኑ ፊደል ነው የተሳሳቱት። አድራሻ የለውም፣ የሚደወልበት ስልክ የለውም፣ የተሸጠ አይመለስም ይላል። ክሬሙን የሚሠራው ድርጅት በራሱ ገጽ ላይ ማን ማን እንደሚሸጥለት ዘርዝሯል፤ የእኔ ሰውዬ እዚያ ውስጥ የለም። «ደግሞ ይኼ ሁሉ ተሟልቶም ሊያታልሉሽ ይችላሉ» አለችኝ፤ «ቁጥሩንም ሽፋኑንም አስመስለው የሚሠሩ አሉ። እኔ ከማን እንደገዛሁት ሳላውቅ የሰው ፊት አልነካም።» ስወጣ «በዚህ በር በየቀኑ ታልፊያለሽ፤ ምነው ቀድመሽ ብትጠይቂኝ?» አለችኝ።

ለሻጩ ጻፍኩለት። መጀመሪያ «ውዴ» ብሎ አበባ ላከልኝ። ቀጥሎ አቀባብሽ ላይ ነው ችግሩ አለኝ። የሐኪሟን ወረቀት ፎቶ ስልክለት ዘጋኝ። ገጹ ላለበት የኢንተርኔት ገበያ ባለቤቶች አመለከትኩ፤ አቤቱታሽ ደርሶናል የሚል መልስ መጣ፣ ማንም ሰው ያልጻፈው ዓይነት። ገጹ ጠፋ። በሦስተኛው ቀን ያው ፎቶ፣ ያው ምስጋና፣ በሌላ ስም ተከፍቶ አየሁት። እሱንም አመለከትኩ። እንግዲህ በየጊዜው ሲከፍት ሳመለክት ልኖር ነው። ደክሞኛል እህቴ። ቁጣም ጉልበት ይፈልጋል፤ እኔ ደግሞ ከአንሶላው የተረፈኝ ብዙ አይደለም።

አንድ ነገር ግን አደረግኩ። ወደ ሐኪሟ ተመልሼ «ዋሽቼዎታለሁ፤ ሃያ ሦስት ብልቃጥ አገር ቤት ልኬያለሁ» አልኳቸው። ይቆጡኛል ብዬ አንገቴን ደፍቼ ነበር። አልተቆጡም። ወንበራቸውን ወደ እኔ ሳብ አድርገው «እንግዲያው ጊዜ አናጥፋ፤ ጻፊ» አሉኝ። የጻፍኩትን እነሆ። ክሬሙን የገዙትን ሁሉ አንድ በአንድ አግኚያቸው፤ ማንነታቸውን የምታውቂው አንቺ ብቻ ነሽ። ነፍሰ ጡርና የሚያጠቡ ካሉ ከእነሱ ጀምሪ። ዛሬውኑ ያቁሙ፣ ጤና ጣቢያም ሄደው ይኼን ወረቀት አሳይተው ይመርመሩ። ሲያቆሙ ፊታቸው ለጥቂት ጊዜ ሊብስ ይችላልና ደንግጠው እንዳይመለሱበት። ሽንት ቤት ጣይው ያልኩሽን ደግሞ እርሺው፤ ውኃና አፈር ይበክላል። የቀሩትን ብልቃጦች እንደተከደኑ በላስቲክ ጥብቅ አድርገሽ ጠቅልለሽ ለጤና ጣቢያው አስረክቢ። የእኔን ብልቃጥ እዚህ የመድኃኒት ቁጥጥር ሰዎች ወስደውታል።

ደንበኞችሽ ሲጠይቁሽ ራስሽን አትውቀሺ። «እህቴ ናት ሳታጣራ የላከችው» በያቸው። እውነቱም እሱ ነው። ስምሽ በእኔ እንዲጠፋ አልፈልግም፤ የመሸጥ አፍ አለሽ፣ ሰው ያምንሻል፣ ሥራውን ከታወቀ አስመጪ ወስደሽ እንደገና ብትጀምሪው ደስታዬ ነው። ባትፈልጊም ይገባኛል። እኔ ብቻ ከእንግዲህ ሳልመረምር የምልክልሽ ነገር የለም።

እኔ ወደ ሥራ ተመልሻለሁ። ጄኔራሏ «ነግሬሽ ነበር» አላለችኝም። ከተመለስኩበት ቀን ጀምሮ እንፋሎቱ እንዳይነካኝ ብላ የእኔን ካውያ ማሽን ከራሷ ጋር ደርባ ይዛ፣ እኔን ማጠፊያው ጠረጴዛ ላይ አቁማኛለች። ማንም አላዘዛትም። ጥቁረቱ እየሳሳ ነው፤ ሙሉ በሙሉ ለመልቀቅ ወራት ይወስዳል ብለውኛል። በመስታወት ራሴን ሳይ አሁን አላለቅስም፤ አይቼ ወደ ሥራዬ እሄዳለሁ።

ደብዳቤውን የሚያደርስልሽ ሰው ሐሙስ ይነሳል። እማዬን ጉልበቷን ሳሚልኝ፤ ስለ ፊቴ አንቺ እንደሚመችሽ አድርገሽ ንገሪያት፣ እየተሻላት ነው ብለሽ ጀምሪ። አባዬን አንገቱን እቀፊልኝ፤ የጉሮሮው ነገር ይታይ፣ አታከራክሪው፣ ዝም ብለሽ ይዘሽው ሂጂ። ለጋሼ ያን ቀን ስለሮጠው ሩጫ ምስጋናዬ ይድረሰው። ለሙሽሪት ልጆቹን ያዢላትና አንድ ቀን ወጣ ትበል፤ ያለ ምንም ቅባት ታምራለች በያት። ልጆቹን ሁለት ሁለት ጊዜ ሳሚልኝ፣ ትንሹን ሦስት ጊዜ። አንቺን እኔው ራሴ እስክስምሽ ድረስ ናፍቆቴን ያዢልኝ።

ለአክስቴ ሰላምታ አልላክሁም። መጀመሪያ ይኼን ደብዳቤ ከላይ እስከ ታች አንብቢላት፤ የላክኩት እኔ መሆኔን፣ አውቄም ዝም ማለቴን ከአፍሽ ትስማ። ሰምታ ስትጨርስ፣ ሰላምታዬን ትቀበለኝ እንደሆነ ጠይቂልኝ።

ታላቅ እህትሽ

ከሦስተኛው ፎቅ፣ ከጸጉር ቤቱ በላይ ካለችው ክፍሌ
ሰኞ፣ የካቲት 9 ቀን